«ስንት ቶን?» ከማለታችን በፊት ዐለቱን እንጠይቅ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። ጋዜጠኝነት የምንማር ልጆች ግን ነገርን ከቁጥሩ መጀመር ይቀናናል። አደጋ ደረሰ ሲባል ስንት ሰው፣ ስንት ብር፣ ስንት ቶን ብለን እንጠይቃለን። ቁጥር ርእስ ላይ ያምራል፣ አርታኢም ይወደዋል። ይሁን እንጂ ቁጥር ብቻውን የት ድረስ ሊያሳስተን እንደሚችል በደንብ ያሰብንበት አይመስለኝም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ ያገኘሁት ለአብዛኞቻችን ሩቅ የሆነ ነገር ነው፦ የባሕር ዳርቻ ዐለትና የሚመታው ማዕበል።

ባሕር በሌለበት አገር ስለ ባሕር ዐለት ምን አስጨነቀህ የሚለኝ ሊኖር ይችላል። ነገሩ ወዲህ ነው። ከመርከብ ነዳጅ ፈሰሰ የሚል ዜና በየጊዜው ይመጣል፤ ነገ እኛው ልንጽፈው የምንችል ዜና ነው። ዜናው ሁልጊዜ የሚነግረን የፈሰሰውን መጠን ነው። የጉዳቱን ዕድሜ በአብዛኛው የሚወስነው ግን ነዳጁ ያረፈበት ዳርቻ ምን ያህል ማዕበል ይመታዋል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ማንም ሲጠይቅ አይሰማም።

ሦስት አደጋዎች

እስቲ ሦስት አደጋዎችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጃንዋሪ 1993 ብሬየር የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች ዐለት ላይ ተላትማ ወደ 85 ሺህ ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ ፈሰሰ። በማርች 1989 ኤክሶን ቫልዲዝ አላስካ ውስጥ ፕሪንስ ዊልያም ሳውንድ በሚባለው ባሕር ላይ ተመሳሳይ አደጋ ደርሶባት ወደ 37 ሺህ ቶን ገደማ ፈሰሰ። በሴፕቴምበር 1969 ደግሞ ፍሎሪዳ የተባለች ነዳጅ የጫነች ባርጅ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ዌስት ፋልማውዝ አጠገብ ተሰብራ ከ700 ቶን የማይበልጥ ቀላል ነዳጅ ፈሰሰ።

በቶን ብቻ ከሄድን ብሬየር አንደኛ፣ ኤክሶን ቫልዲዝ ሁለተኛ፣ ፍሎሪዳ ደግሞ ከቁጥር የማትገባ ናት። ነዳጁ በዳርቻው ላይ የቆየበትን ዕድሜ ስናይ ግን ሰልፉ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ሼትላንድ ላይ በዚያ ሰሞን ለቀናት የዘለቀ ከባድ ዐውሎ ነፋስ ነበር፤ ማዕበሉ ነዳጁን ሰባብሮ ከውኃው ጋር ስለደባለቀው ዳርቻው ላይ የቀረው በጣም ጥቂት ነው። አላስካ ውስጥ ግን በ2001 ተመራማሪዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ጉድጓዶችን ቆፍረው ሲያዩ፣ ከ12 ዓመት በኋላም ነዳጁ ከጠጠሩ ሥር ነበር። ያቺ ትንሿ ፍሎሪዳስ? ነዳጇ የገባው ማዕበል በማይደርስበት ጨዋማ ረግረግ ውስጥ ነበር። በ2002 የታተመ ጥናት ከ30 ዓመት በኋላ ነዳጁ በጭቃው ውስጥ እንዳለ አረጋገጠ።

እርግጥ የነዳጁ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። የብሬየር ነዳጅ ከተለመደው ድፍድፍ ቀለል ያለ ነበር። ግን የፍሎሪዳ ከሱም የቀለለ፣ የተጣራ ነዳጅ ነበር፤ ቢሆንም ከሁሉም በላይ የቆየው እሱ ነው። ስለዚህ የነዳጁ ዓይነት ብቻ አይደለም። ዋናው ልዩነት ማዕበሉ ነው።

ማዕበል ማንን ያኖራል?

ማዕበል ነዳጅ ሲመጣ ብቻ የሚሠራ ኃይል አይደለም። ከዚያ በፊትም ዳርቻው ላይ ማን ይኑር፣ ማን አይኑር የሚለውን ሲወስን የኖረ ነው። ይህን ካልተረዳን ምን እንደተጎዳም ማወቅ አንችልም።

ፊቱን ወደ ሰፊው ውቅያኖስ ያዞረ ዐለት አለ፤ ነፋስ በሺህ ኪሎ ሜትር ሜዳ ላይ ያለ ከልካይ ሲነዳ ያመጣውን ውኃ በሙሉ ይቀበላል። ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ደግሞ ወደ የብሱ ገባ ያለ ጉያ ውስጥ የተከለለ ዐለት አለ፤ እሱን የሚነካው ውኃ ከሐይቅ ጠርዝ ውኃ ብዙ አይለይም። ሁለቱ ዐለቶች አንድ ዓይነት ድንጋይ፣ አንድ ባሕር፣ አንድ የአየር ጠባይ ይኖራቸዋል። ነዋሪዎቻቸው ግን አይገናኙም።

የአውሮፓን የአትላንቲክ ዳርቻ እንውሰድ። ማዕበል የሚመታው ዐለት ከሩቅ ሲያዩት ራቁቱን የቀረ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ባርናክል በሚባሉ፣ ነጭ ጠንካራ ቅርፊት ባላቸውና ዐለቱ ላይ ተለስነው በሚኖሩ ጥቃቅን እንስሳት የተሞላ ነው። በመካከላቸው ሊምፔት የሚባሉት አሉ። እነሱ የቀንድ አውጣ ዘመዶች ሲሆኑ ቅርፊታቸው የጎጆ ክዳን ይመስላል፤ በጠንካራ እግራቸው ዐለቱን ጥርቅም አድርገው ይይዛሉ። ውኃው ሲመጣ እየዞሩ ገና የበቀለውን የባሕር አረም ዐለቱን እየፋቁ ይበሉታል። በዚህ ምክንያት ረጅም አረም እዚያ አይታሰብም፤ ከማዕበሉ የተረፈውን ቡቃያ ሊምፔት ይግጠዋል።

ጸጥ ባለው ዳርቻ ነገሩ ሌላ ነው። ቡናማ የባሕር አረም እንደ ፀጉር ተዘናፍሎ ዐለቱን ያለብሰዋል፤ ከሥሩም ፀሐይና ድርቀት የማይችሉ ለስላሳ ፍጥረታት ይጠለላሉ። የሊምፔት ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ የታየው ደግሞ በ1940ዎቹ ነው። በብሪታንያና በአየርላንድ መካከል ባለችው የማን ደሴት ተመራማሪዎች ከአንድ የዐለት ሰቅ ላይ ሊምፔቶቹን ለቅመው ቢያነሱ፣ ባዶ የነበረው ቦታ በባሕር አረም ተሸፈነ።

ይባስ ብሎ ማዕበል የአንዱን ዝርያ ገላ ሳይቀር ይለውጣል። ዶግዌልክ የሚባል ሥጋ በል ቀንድ አውጣ አለ። ማዕበል በሚበረታበት ዐለት ላይ የሚኖረው ዐለቱን አጥብቆ እንዲይዝ እግሩ ትልቅ፣ የቅርፊቱም አፍ ሰፊ ነው። ጸጥ ባለው ዳርቻ ችግሩ ማዕበል ሳይሆን ሸርጣን ነው፤ ሸርጣን ቅርፊት ሰብሮ ይበላል። ስለዚህ የዚያኛው ቅርፊት ወፍራም፣ አፉም ጠባብ ነው። አንድ ዝርያ ሆነው ሳለ ቤታቸውን የሠሩት በየጠላታቸው ልክ ነው ማለት ይቻላል።

ዐለት የሚሰጠው ምስክርነት

ለጋዜጠኛ የሚጥመው ክፍል የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዳርቻ ምን ያህል ማዕበል እንደሚመታው እንዴት ይታወቃል? መሣሪያ ተክሎ አንድ ሳምንት የለካ ሰው የሚያውቀው የዚያን ሳምንት ማዕበል ነው። ቢል ባለንታይን የተባለ የባሕር ሥነ ሕይወት ተመራማሪ በ1961 ባሳተመው ጽሑፍ ሌላ መንገድ አመጣ። በዌልስ፣ ፔምብሮክሺር ዳርቻዎች ላይ ተዘዋውሮ ዐለቶቹን እጅግ ከተጋለጠው እስከ እጅግ ከተከለለው በ8 ደረጃ መደባቸው። መለኪያው ነዋሪዎቹ ነበሩ። የትኛው አረም አለ? የትኛው ጠፍቷል? ባርናክሉ ምን ያህል ነው? እነዚህ ፍጥረታት እዚያው ለዓመታት ስለኖሩ የክረምቱንም የበጋውንም ማዕበል በገላቸው ያውቁታል።

ይህ አካሄድ ትችት አልቀረለትም። ማዕበሉን ከነዋሪው፣ ነዋሪውን ደግሞ ከማዕበሉ መገመት ዙሪያ ጥምጥም ነው የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ለዚህም ሲባል ከካርታ ላይ ነፋሱ የሚመጣበትን የክፍት ውኃ ርቀት መለካትም ተጨምሯል። የባለንታይን ሐሳብ ግን ለእኛ ሙያ ቅርብ ነው፤ ስለ አንድ ሰፈር ማወቅ የፈለገ ሰው ነዋሪውን ይጠይቅ ማለት እኮ ነው።

ይህ እውቀት በቤተ ሙከራ ተዘግቶም አልቀረም። ኤሪክ ጉንድላክና ማይልስ ሄይዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ዳርቻዎች ለነዳጅ ያላቸውን ተጋላጭነት ከ1 እስከ 10 በቁጥር አስቀመጡ። ማዕበል የሚመታው ዐለታማ ዳርቻ 1 አገኘ፤ ማዕበሉ ራሱ ያጥበዋልና። ጨዋማ ረግረግና ማንግሮቭ የሚባለው የባሕር ውስጥ ደን 10 አገኙ። እንግዲህ ከቶኑ ጎን የሚጻፍ ሌላ ቁጥር ከተገኘ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል ማለት ነው። ዜና ላይ ግን እስካሁን ቦታ አላገኘም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

ይህን አለማወቅ ዜናን ከማበላሸት አልፎ ጉዳት ያመጣል ብዬ አምናለሁ። ምስክሬ የሁለት ጽዳቶች ታሪክ ነው።

በማርች 1967 ቶሪ ካንየን የተባለች መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ኮርንዎል አቅራቢያ ከዐለት ተጋጭታ ወደ 119 ሺህ ቶን የሚሆን ድፍድፍ ነዳጅ ይዛ ተሰበረች። የበጋው እንግዳ ሳይመጣ ዳርቻው መጽዳት ነበረበት። ወደ 10 ሺህ ቶን የሚጠጋ የማጠቢያ ኬሚካል ተረጨ። ኬሚካሉ ከነዳጁ ይበልጥ መርዝ ሆነና ሊምፔቶቹን ፈጀ። ጋጩ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከማን ደሴት ሙከራ አይተናል። ዐለቶቹ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ቡናማ አረም ለበሱ። ከዚያ በአረሙ ሥር ቁጥር ስፍር የሌለው አዲስ ሊምፔት አደገና አረሙን በልቶ ጨረሰው፤ ምግቡ ሲያልቅበት ደግሞ እሱም ረገፈ። ዳርቻው ወደ ቀድሞ ሚዛኑ እስኪመለስ በብርቱ በተረጩት ቦታዎች ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። ጎድረቪ በሚባለው ስፍራ ግን በአካባቢው ለሚኖሩ አቆስጣዎች ሲባል ኬሚካሉ አልተረጨም ነበር። እዚያ ዐለቱ በ2 እና በ3 ዓመት ውስጥ አገገመ።

አላስካም የተደረገው ከዚህ ብዙ አይለይም። ሕዝቡ አዝኖ፣ ዓለም እያየ፣ ዳርቻው ታጥቦ መታየት ነበረበት። ሙቅ ውኃ በከፍተኛ ግፊት ተለቀቀ። ዐለቱ ጸዳ፤ ከነዳጁ ተርፈው የነበሩት ፍጥረታትም አብረው ተቀቀሉ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የወሰኑት ባለሥልጣናትና ኩባንያዎች መሆናቸው አይካድም። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የእኛ ሙያ ድርሻ ነው። ካሜራ ፊት ጥቁር ዐለት ጥፋት ነው፣ ንጹሕ ዐለት ደግሞ ድል ነው። ሙቅ ውኃ የሚረጭ ሠራተኛ ጥሩ ምስል ይወጣዋል። «ይህ ዳርቻ ማዕበል ስለሚመታው ብንተወው ይሻላል» የሚል ሳይንቲስት ግን ምስል የለውም፤ እንዲያውም ሰነፍ ይመስላል። ጠያቂው ጋዜጠኛ «መቼ ይጸዳል?» ብሎ ብቻ ከጠየቀ፣ ተጠያቂው የሚታይ ነገር ለመሥራት መቸኮሉ አይቀርም።

አንድ ፎቶና ብዙ ፎቶ

ከአላስካ ሌላም የምንማረው አለ። አላን ሚርንዝ የተባለ የአሜሪካ መንግሥት የባሕር ተመራማሪ ነዳጅ የነካውን ግን ያልታጠበ አንድ ትልቅ ድንጋይ መርጦ ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ ፎቶ እንዲነሣ አደረገ። ድንጋዩ አሁን በስሙ ሚርንዝ ሮክ ይባላል። ፎቶዎቹ ሲደረደሩ የሚታየው ነገር ያስገርማል። አንድ ዓመት ድንጋዩ በቡናማ አረም ተሸፍኗል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ እንደገና ባርናክል ይይዘዋል፣ እንደገና አረም ይለብሳል።

በአረሙ ዓመት የሄደ ጋዜጠኛ «ተፈጥሮ አገገመች» ብሎ ይጽፋል። በባዶው ዓመት የሄደው «ጉዳቱ ቀጥሏል» ይላል። ሁለቱም ያዩትን ነው የጻፉት፤ ሁለቱም ግን አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያላቸው። ዐለት ላይ ያለ ሕይወት ነዳጅ ባይነካውም ይወጣል ይወርዳል። ያንን የሚያውቅ ደጋግሞ የተመለሰ ሰው ብቻ ነው። እኛ ግን አደጋ በደረሰ በሳምንቱ ሄደን፣ ምናልባት አንደኛ ዓመቱን አስበን እንረሳዋለን።

«ማዕበሉ ያጥበዋል» የሚሉን ቢመጡስ?

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ጥያቄ አለ። ይህን ክርክር ነዳጅ ያፈሰሰው ኩባንያ ቢሰማው ደስ አይለውም ወይ? «አትጨነቁ፣ ዳርቻው ማዕበል ያለበት ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ይችላል።

ሊሆን ይችላል። ለዚህም ነው ጋዜጠኛው ራሱ ማወቅ ያለበት። ማዕበል ዐለቱን ማጠቡ ለወፎቹ ምናቸውም አይደለም። በኤክሶን ቫልዲዝ አደጋ ወደ 250 ሺህ የሚደርሱ የባሕር ወፎች እንደሞቱ ይገመታል። ብሬየርም ላይ ቢሆን ነዳጁ ጨርሶ አልጠፋም፤ ከፊሉ ወደ ባሕሩ ወለል ወርዷል፣ ዓሣ ማጥመድ በአካባቢው ተከልክሏል፣ ሳልሞን የሚያረቡትም ከስረዋል። ስለዚህ «ማዕበሉ ያጥበዋል» ሲባል ተከታዩ ጥያቄ «አጥቦ የት ያደርሰዋል?» የሚል ነው። ይህን የሚጠይቅ ሪፖርተር ግማሹን እውነት ይዞ የመጣን ቃል አቀባይ በቀላሉ አይለቀውም። ቶን ብቻ የሚያውቀው ግን የተነገረውን ጽፎ ይመለሳል።

ሌላው ሰበብ ዴድላይን ነው። አንድ ሰዓት የቀረው ሪፖርተር ስለ ሊምፔት ሲያነብ አይውልም፤ ትክክል። ግን እኮ እግር ኳስ የሚዘግብ ልጅ ኦፍሳይድን በጨዋታው ቀን አያጠናም። አስቀድሞ ያውቀዋል።

ወደ ቀይ ባሕር ስንመጣ

ጉዳዩ ያን ያህል ሩቅ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። በየመን፣ ሆዴይዳ አቅራቢያ ሳፈር የተባለች አሮጌ የነዳጅ ማከማቻ መርከብ 1.14 ሚሊዮን በርሜል ድፍድፍ ይዛ ለዓመታት ያለ ጥገና ቆማ ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ አስገልብጦ የጨረሰው በኦገስት 2023 ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ እርሷ የተሠራ ዜና ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋበትም ነበር፦ «ከኤክሶን ቫልዲዝ አራት እጥፍ»።

ሒሳቡ ልክ ነው። ግን ምን ነገረን? ቀይ ባሕር አላስካ አይደለም። ጠባብ ባሕር ነው፤ የአትላንቲክን ዓይነት ማዕበል አይመታውም። በየመንም በኤርትራም ዳርቻ ማንግሮቭ አለ፣ የኮራል ሪፍም አለ። ማንግሮቭ በዚያ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው ሠንጠረዥ ስንት እንዳገኘ አይተናል። አራት እጥፍ ከማለት ይልቅ «ይህ ነዳጅ ማዕበል በማያጥበው ዳርቻ ላይ ነው የሚያርፈው» ቢባል አንባቢው አደጋውን ይበልጥ ይረዳው ነበር። የአገራችን የገቢና የወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ፣ ማለትም በዚያው ባሕር ደቡባዊ ጫፍ ነው። ስለ ባሕር በር ብዙ እናወራለን። ስለ ባሕሩ ራሱ ግን የምናወራው ጥቂት ነው።

ምን እንጠይቅ?

እንግዲህ ሐሳቤን ላጠቃልል። ቶኑን አንጠይቅ እያልኩ አይደለም፤ እንጠይቅ፣ ግን እዚያ አናቁም። አንደኛ፣ ነዳጁ ያረፈው ምን ዓይነት ዳርቻ ላይ ነው? ዐለት፣ አሸዋ፣ ጠጠር ወይስ ረግረግ? ሁለተኛ፣ ማዕበል ይመታዋል ወይስ የተከለለ ነው? ሦስተኛ፣ ከአደጋው በፊት እዚያ ማን ይኖር ነበር? አራተኛ፣ ጽዳቱ በምን ይካሄዳል፣ የሚጠቅመውስ ለዳርቻው ነው ወይስ ለተመልካች? አምስተኛውን የምንጠይቀው ራሳችንን ነው፦ ተመልሰን የምንሄደው መቼ ነው?

ይህ አጠያየቅ ለባሕር ብቻ የሚሆን አይደለም፤ ጎርፍም፣ ድርቅም፣ የደን ቃጠሎም ላይ ይሠራል። ስንት ሄክታር ተቃጠለ ከማለት ጎን ምን ዓይነት ደን፣ በምን ዓይነት ቦታ፣ ከዚያ በፊት ማን ነበረበት ማለት ይቻላል። በትምህርት ክፍላችን የሳይንስ አዘጋገብ ትምህርት ሲሰጥ መምህሮቻችን ከእነዚህ አደጋዎች አንዱን ቢያስገቡልን፣ እኛም የልምምድ ዜና ስንሠራ ከቁጥሩ ቀጥሎ አንድ የቦታ ጥያቄ ብንጨምር ጥሩ ጅምር ይመስለኛል። የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም መልሱን ይጻፍ፤ በደስታ አነባለሁ።

ቸር እንሰንብት።